ዋስትና ያለው መቀስ

ያን ቀን ጠዋት የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሜ ሰው ሁሉ እያየው በራሱ መቀስ እንዲቆርጥ። ይቅርታም፣ ካሳም፣ እርቅም አላሰኘኝም። መቀሱን ይያዝ፣ ላሜራ ያጉርሰው፣ ይጨብጥ። ከዚያ የሚሆነውን አብረን እናያለን።

ለማያውቀኝ ሰው ልናገር። እኔ ቆርቆሮ ሠራተኛ ነኝ። አሸንዳ፣ ባልዲ፣ የጭስ ማውጫ፣ የምድጃ በር፣ ምን የማልሠራው አለ! መንገዳችን ከዳር እስከ ዳር የላሜራ ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቀጥ ስለሚውል እዚህ ሰፈር ሐሜት እንኳ የሚወራው በጩኸት ነው። እኔን "አቃቂር" ይሉኛል። ነገር ሁሉ ላይ እንከን ታወጪያለሽ ነው ክሱ። ድንቄም! እንከን ያለበትን ዕቃ አምጥተው ፊቴ ሲዘረግፉት፣ እሰይ የኔ ቆንጆ ልበለው?

ሙያውን ያስተማረኝ ባሌ ነው። ባሌ በሚስማር ሳይጭር፣ ምልክት ሳያደርግ፣ በዓይኑ ብቻ ክብ ይቆርጥ ነበር። ላሜራውን በግራ እጁ እያዞረ በቀኙ መቀሱን ያስኬደዋል፤ ሰው ሥራውን ጥሎ መጥቶ ነበር የሚያየው። በጠባዩ ደግሞ ድመት ብትረግጠው እሱ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ነው። ለዚህም ነው በቤታችን ቁጣው ሁሉ የኔ ድርሻ የሆነው።

ወንድሜ ታላቄ ነው፤ "ጋሼ" እያልኩ ነው ያደግኩት። የመሣሪያ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ግን ሰው "ዋስትናው" ነው የሚለው። መዶሻ ጠይቁት፣ ዋስትና አለው። ሞረድ ጠይቁት፣ ዋስትና አለው። ሱቁ ደጃፍ ዝናብ ጥሎባችሁ ብትጠለሉ ዝናቡም ዋስትና እንዳለው ይነግራችኋል። ምላሱ ቅቤ ነው። ሕፃን ሆነን ሳህን ይሰብርና እኔ እገረፍ ነበር፤ እናታችን ፊት ቆሞ ሲናገር እኔ ራሴ የሰበርኩት ይመስለኝ ነበር።

ይሄው ጋሼ አንድ ቀን ቀይ እጀታ ያለው የላሜራ መቀስ ይዞ መጣ። "መጀመሪያ ለዘመድ ብዬ ነው" አለው ባሌን። "ዋስትና አለው። አንተ ታረጃለህ እንጂ እሱ አያረጅም።" ባሌ አመስግኖ ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ የአሸንዳ መጋጠሚያ ሲቆርጥ አንዱ ስለት ከመሀል ተሰበረና ፍንጣሪው ወደ ግራ ተወርውሮ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ዓይኑ አልተረፈም።

ጋሼ ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል መጣ። አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ከሆስፒታሉ ወጥቶ ግን በቀጥታ ወደ መንገዳችን ሄደና፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "መቀሱ ምንም የለበትም፤ እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቶበት ነው" ብሎ አወራ።

ቱቦ መሰካት ምን እንደሆነ ላስረዳ። ወፍራም ነገር አልቆረጥ ሲል፣ ሙያ የሌለው ሰው የመቀሱ እጀታ ላይ የውሃ ቱቦ ይሰካና ያስረዝመዋል። ጉልበቱ ይበዛለታል፤ መቀሱ ይሞታል። በእኛ ሥራ ከዚህ የባሰ ነውር የለም። ቱቦ ሰካ የተባለ ሰው መሣሪያ የሚያበድረው አያገኝም፤ አጠገቡ ቆሞ መሥራትም የሚፈልግ የለም። ወሬው ባንድ ቀን መንገዱን አዳረሰው፤ ባሌ ዓይኑ ላይ ፋሻ አድርጎ ሲመለስ ስሙ ተቀይሮ ጠበቀው። "ቱቦው መጣ" ይላሉ። "ቱቦው፣ እንዴት አደርክ?" ይላሉ፤ በሰላምታ መካከል፣ እንደ ዋዛ።

ከዚያ ወዲህ ስለት የሚያስጨብጠው ጠፋ። በጋራ የምንሠራበት ትልቁ ዎርክሾፕ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጦ አሸንዳ ቀለም ይቀባል። ክብ የሚቆርጥ እጅ ቀለም ሲቀባ እያየሁ በየቀኑ ቆሽቴ ያርራል። ተከራከር፣ ተናገር፣ ሰው ሰብስብ ብዬ ስንቴ ጮህኩበት። "መቀሱ ተሰብሯል፤ ቱቦ ደግሞ ዎርክሾፑ ውስጥ ሞልቷል። ምን ብዬ ልከራከር?" ይለኛል። እናቴ ደግሞ ባሰች። "ወንድምሽ ይዋሻል ነው የምትይኝ?" ብላ ተቆጣች። ባሌን በስሙ መጥራት ተወች፤ "ያ ሰውዬሽ" ሆነ።

እኔም ቂሜን ቋጠርኩ። እንዳይበላሽብኝ በየቀኑ እያየሁ፣ እያገላበጥኩ።

ያልጠበቅሁት ነገር ሆነና የመንገዳችን ዎርክሾፖች መሣሪያ በጋራ እንግዛ ብለው ተስማሙ። ሊቀመንበራችን "ጉጠቱ" የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የያዙትን ነገር አይለቁም። እሳቸው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "መቀስና ሽቦ መቁረጫ የምትመርጠው አቃቂር ናት። እሷ እንከን ያጣችበት ዕቃ እኛን ይበቃናል" አሉ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሁለት ሻጮች ናሙና ያመጣሉ ተባለ፤ ከሁለቱ አንዱ ዋስትናው ነበር። ይሄን ስሰማ ሳቄ ፊቴ ላይ እንዳለ ቀረ።

ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። ከዚያ ከጋሼ ሱቅ አንድ መቀስ በሌላ ሰው አስገዛሁ። እጀታው ከቀይ ወደ ሰማያዊ ተቀይሯል። ባሌ ወጣ ባለበት ሰዓት ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ጠረቅሁት፣ አራት እጥፍ ላሜራ አጎረስኩት፣ በወፍራም ጆንያ ሸፈንኩት፣ ከዚያ ከላይኛው እጀታ ላይ በክንዴ ተደገፍኩ። ቋ! ፍንጣሪው ጆንያውን ቀዶ ወጣ። የተሰበረውን አንስቼ አየሁት፤ ውስጡ እንደ አመድ የሻከረ፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት። ተቀጥቅጦ የተሠራ ስለት እንዲህ አይሰበርም። ያው ነው። ባሌን ያሳወረው ያው ብረት ነው፤ ቀለሙን ቀይሮ ይሸጠዋል!

ሌላ ሴት ብትሆን ስብርባሪውን ይዛ ወደ ጉጠቱ ትሮጥ ነበር። እኔ ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ። "እሷም እንደ ባሏ ቱቦ ሰክታ ነው" ይላል፤ ያምኑታል። ባሌም ቢሰማ "ተይው" ነው የሚለኝ። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ የጠየቅሁት አንድ ደንብ ብቻ ነው፤ ሻጭ የሚሸጠውን ዕቃ በገዛ እጁ ቆርጦ ያሳይ። "ጥሩ ደንብ ነው" አሉ ጉጠቱ፤ አንዴ ደንብ ነው ካሉ ደግሞ አይለቁም።

ጠዋት ከሰው ቀድሜ ገባሁ። ግድግዳው ላይ የሚሰቀሉትን የመከላከያ መነጽሮች አንድ በአንድ አውርጄ ደበቅኳቸው። እውነቱን ልናገር፤ እየዘመርኩ ነበር የማወርዳቸው።

ሰው ተሰበሰበ። መፈተኛውን ራሴ ነበርኩ ያዘጋጀሁት፤ ከአሸንዳ መጋጠሚያ የቆረጥኩት ቁራጭ ነው፤ መሀሉ ላይ ላሜራው ታጥፎ አራት ድርብ የሆነበት ስፌት አለው። ማጭበርበር የለበትም። እንዲህ ያለ ስፌት በየቀኑ እንቆርጣለን፤ ደህና መቀስ ትንሽ ያቃስት ይሆናል እንጂ አይሰበርም።

መጀመሪያ የቀረበችው በዕድሜ ገፋ ያለች ነጋዴ ናት፤ አሮጌ ሻንጣ ይዛ ስለምትዞር ባለ ሻንጣዋ እንላታለን። ካልተጠየቀች አትናገርም። መቀሷን ተቀብዬ እንደ ልማዴ ማሰቃየት ጀመርኩ። ገጥሜ ወደ መስኮቱ አነሳሁት፤ በሁለቱ ስለቶች መካከል ብርሃን ቢያልፍ እዚያው እመልስላት ነበር፤ አላለፈም። ሞረድ ጎተትኩበት፤ ስለቱ አልተበላም፣ ሞረዱ አንሸራቶ አለፈ። መጋጠሚያ ብሎኑን ነቀነቅሁት፤ ወይ ፍንክች። የረጠበ ወረቀት አጎረስኩት፤ ቆርቆሮ የሚቆርጥ ብዙ ነው፣ እርጥብ ወረቀት ሳያኝክ እስከ ጫፉ የሚቆርጥ ግን ጥቂት ነው። ቆረጠው። ጎማ የለበሰውን እጀታ በጥፍሬ ላጥኩት፤ አልተላጠም።

"ጎማውን ተይልኝ እንጂ" አለች ባለ ሻንጣዋ። የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

ከዚያ ሽቦ መቁረጫዋን አየሁ። ሁለቱ ጥርሶች እኩል ይገጥማሉ፤ ቀጭን ሽቦ ሰጠሁት፣ ሳያጎብጥ ቀጨው። "ከርስዎ የበለጠ ይነክሳል" አልኳቸው ሊቀመንበሩን፤ ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም ጢማቸውን እየዳበሱ ፈገግ አሉ። በመጨረሻ መቀሱን መለስኩላትና "አሁን አንቺ ቁረጪ" አልኳት። ባለ ሻንጣዋ መንጋጋውን በሰፊው ከፈተች፣ ስፌቱን እስከ ብሎኑ ድረስ አስገባች፣ ፊቷን ላሜራው ላይ አቀርቅራ ጨበጠች። መቀሱ አቃሰተ። ቆረጠ። ስለቱን በጣቴ ዳበስኩት፤ ጭረት እንኳ የለበትም። እንከን አጣሁ! ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ በሩ ላይ ነበር።

ዋስትናው መጣ። እንዴት ያለ አመጣጥ መሰላችሁ? እናቴን ደግፎ!

"እማዬ ልጇ ሲሠራ ልታይ ፈለገች" አለ፤ ድምፁ ቤቱን ሞላው። "ለመሆኑ ለናቴ ወንበር የሚሰጥ የለም?"

ገባኝ። እናቴን ያመጣት እኔን ሊያስርበት ነው። እሷ ፊት አቃቂር አታወጣም ብሎ ነው። ደሜ ፈላ። ሰው ተሯሩጦ ወንበር አመጣ፤ ጋሼም ራሱ ከመፈተኛው ጠረጴዛ በስተግራ፣ ቅርብ፣ ሁሉን የምታይበት ቦታ አስቀመጣት። እናቴ አዲሱን ሻርፗን አድርጋለች። ጥጉ ላይ ቀለም የሚቀባውን ባሌን አየችው፤ ፊቷን መለሰች።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንኳ ነገር አትፈልጊ" አለችኝ። "ወንድምሽ ነው።"

"ምን ነገር አለ እማዬ? መቁረጥ ብቻ ነው" አልኳት።

ጋሼ ሰማያዊ እጀታ ያላቸውን መቀሶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ከዚያ ያው ወሬው። ይሄ ከሩቅ አገር የመጣ ብረት ነው፤ ይሄ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው፤ ይሄ ዝገት የማያውቀው ነው። ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። አንዱን መቀስ አነሳና እጀታውን ወደኔ አዙሮ ዘረጋልኝ።

"በይ የኔ ባለሙያ፣ ሞክሪው። እጅሽ ይባረክ።"

አልተቀበልኩትም። "ሻጭ ነው የሚቆርጠው ጋሼ።"

"እንዴ! እኔ ነጋዴ ነኝ እኮ። እኔ የት አውቅበታለሁ?"

"ባለ ሻንጣዋም ነጋዴ ናት።"

"ደንብ ነው" አሉ ጉጠቱ።

ጋሼ ሳቀ። እጅጌውን ሰበሰበ። መቀሱን ጨበጠ፣ ስፌቱን አየ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ጨበጠ። ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄደ። "መነጽር የለም እንዴ እዚህ ቤት?" አለ።

"ለምንህ?" አልኩት። "ዋስትና አለው አላልክም?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ብቻ ሳቀ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ። እዚያ ድረስ ማስቆም ይችል ነበር። "ይሄ መቀስ አይሆንም፣ መልሼ እወስደዋለሁ" ቢል ማን ይሰቅለዋል? ነገር ግን ሕዝቡ እያየው ነው፤ እናቱ እያየችው ነው፤ ዋስትናው ደግሞ በሕይወቱ ተሸንፎ አያውቅም። መንጋጋውን ከፈተና ስፌቱን አጎረሰው። "ቁረጥ" አልኩ በሆዴ፣ ወደ መሀሉ ምሰሶ ፈቀቅ ብዬ። "ቁረጥ! ቁረጥ!" ልቤ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ ከደስታ ነው፣ ሌላ ምን ልበለው።

ጋሼ ከመጨበጡ በፊት ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረ። አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጨበጠ።

ቋ! አለ። ወዲያው ደግሞ ጠንግ!

ጋሼ ዓይኑን ሲገልጥ እጁ ላይ አንድ ስለትና ግማሽ ነበር የቀረው። ሁላችንም ዞረን እናቴ ወደ ተቀመጠችበት ተመለከትን፤ እናቴ ግን አትታይም። ፊት ለፊቷ ባሌ ቆሟል። ቀለም የሚቀባውን ላሜራ እንደያዘ ከጥጉ ተወርውሮ መጥቶ ደረቷና ፊቷ ላይ ጋርዶላታል። ጋሼ ፊቱን ሲያዞር እዚያው ጥግ ሆኖ አይቶት ኖሯል፤ ለምን እንደሚዞር ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ላሜራው መሀል ላይ፣ ከእናቴ ዓይን ትይዩ፣ ፍንጣሪው ጎድጓዳ አብጅቶበታል። ባሌ ራሱን ሊከልል ጊዜ አላገኘም። የቀረችው አንድ ዓይኑ ከላሜራው ጠርዝ በላይ ክፍቷን ነበረች።

ጉጠቱ ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። የተሰበረውን መቀስ ከጋሼ እጅ ወሰዱና እጀታውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩ።

"ቱቦ የለበትም" አሉ።

ይሄን ብቻ። ከኋላ ያሉት አንገታቸውን ደፉ፤ ባሌን ትናንት በዚያ ስም ሲጠሩት የዋሉ ሁሉ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ፤ ምን እንደሚያደርግበት ግራ ገብቶት መልሶ አጠለቀው። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያን ያህል ጊዜ የጠበቅኩት ነገር ይኸው፣ እጅ ከፍንጅ፣ ባደባባይ።

ጋሼ መንተባተብ ጀመረ። "ይሄኛው... ይሄኛው ሲጫን ወድቆ ነው መሰለኝ። ሌላ ልሞክርላችሁ..."

"ፊትህን ለምን አዞርክ?" አለች እናቴ።

ድምፅዋን ለይቼ አላወቅኩትም። ላሜራውን በእጇ ገፋ አድርጋ ነው የምታየው። ሻርፗ ቀለም በቀለም ሆኗል።

"ምን አልሽ እማ?"

"ሳትቆርጥ በፊት ፊትህን አዞርክ። አየሁህ እኮ፤ አንተን ነበር የማየው። እንደሚሰበር ታውቅ ነበር።"

"እማ፣ እኔ..."

"አንተ ዞርክ" አለች። "እኔስ?"

ያ ጤፍ የሚቆላ ምላስ ተሳሰረ። እኔ ግን አልጠገብኩም፤ ይሄ አልበቃኝም። "ንገራት እንጂ ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ። "ዋስትና አለው በላት! የራስሽን ዋስትና ሱቅ ረስቼው መጣሁ በላት! የባሌንም ንገራት! ቱቦ የሰካው ማነው? ተናገር፣ ያኔ እንዳወራኸው ጮክ ብለህ!"

ጋሼ ባሌን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ወለሉን እያየ፣ "ቱቦ አልነበረም" አለ።

"አልተሰማም!" አልኩ።

"ቱቦ አልነበረም! መቀሱ ነው። ሱቄ እንዳይዘጋ ብዬ ነው ያወራሁት።"

በቃ። ሰማው መንገዱ ሁሉ። በቀጥታ ከራሱ አፍ፣ እዚያው ባወራበት ሰው መካከል። ጉጠቱ የተሰበረውን መቀስ ኪሳቸው ከተቱና "የባለ ሻንጣዋን ነው የምንገዛው" አሉ፤ ከዚያ ጋሼን "አንተ ግን እዚህ መንገድ ላይ አትድረስ" አሉት። እሳቸው የያዙትን አይለቁምና ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ከሱቁ ሚስማር አልገዛም።

እናቴ ተነሳች። ጋሼ ሊደግፋት ክንዱን ዘረጋ፤ በእጇ መታ አድርጋ ገፋችው። ድሌን ሊጋራኝ የመጣ ሰው እንዳለ ሁሉ ፊቴ እየበራ ወደሷ ሄድኩና እኔም ክንዴን ዘረጋሁ። የኔንም ገፋችው። አላየችኝም እንኳ። ባሌን ክንዱን ይዛ፣ "ልጄ፣ አንተ ቤቴ አድርሰኝ። ጉልበቴ ከዳኝ" አለችው።

"እሺ እማማ፤ ቀስ ብለው ይርገጡ" አላት። ሁለቱ ተደጋግፈው ወጡ።

ሕዝቡ ተበተነ። ጋሼ መቀሶቹን ሰብስቦ በካርቶን ከተተ። ሲወጣ አጠገቤ ቆመ። ቅስሙ ተሰብሮ፣ ባንድ ቀን አርጅቶ ነበር፤ እንዳላዝንለት ጥርሴን ነከስኩ።

"እንደሚሰበር ታውቂ ነበር አይደል?" አለኝ።

"እንዳንተው" አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እኔ ጠረጴዛውን ጠረግሁ፣ የባለ ሻንጣዋን መቀሶች ደረደርኩ፤ ከደስታዬ የተነሳ እጄ የሚያደርገውን አያውቅም ነበር። ባሌ ሲመለስ የምነግረውን ሁሉ በሆዴ አዘጋጀሁ። ጆንያውን፣ ሞርሳውን፣ ደንቡን፤ ሁሉን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ስምህን ያስመለስኩልህ እኔ ነኝ። ያቅፈኛል ብዬ ነበር። ያለቅሳል ብዬ ነበር።

መጣ። ነገርኩት። ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ስለ መነጽሮቹም ጭምር፤ እንደ ጀብዱ እያወራሁ። እሱ እጁ ላይ የደረቀውን ቀለም በጥፍሩ እየፋቀ ሰማኝ።

"የኔ ፍንጣሪ በየት በኩል እንደሄደ ነግሬሽ ነበር" አለ ስጨርስ።

"አዎ።"

"በየት በኩል?"

"በግራ" አልኩት።

"እናትሽ የት ነበር የተቀመጡት?"

ጠረጴዛውን እንደገና መጥረግ ጀመርኩ። እኔ እኮ ጋሼን ብቻ ነበር የማየው። እጁን፣ ላቡን፣ ዓይኑን። ወንበሩ ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ ማን እንደተቀመጠበት፣ በየት በኩል እንደተቀመጠ አይቻለሁ። አንዲት ቃል ይበቃኝ ነበር። እማዬ፣ ወዲህ ነይ ማለት ምን ያቅተኛል? ግን ብላትና ጋሼ ቢባንን፣ መቀሱን ቢያስቀምጠው፣ ያ ሁሉ ልፋቴ ከንቱ ሊሆን ነው።

"አንቺስ?" አለኝ ባሌ። ቁጣ የለበትም፤ ክብ ሲያስተምረኝ በሚያወራበት ድምፅ ነው። "አንቺ የት ቆመሽ ነበር?"

"ከምሰሶው ኋላ" አልኩት።

ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ከአዲሶቹ መቀሶች አንዱን አነሳ፤ የሚከለክለው አልነበረም። ከላሜራው ክምር አንድ ቁራጭ ስቦ ወደ መስኮቱ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶኝ መቁረጥ ጀመረ። እኔ ቆሜ የመቀሱን ድምፅ እሰማ ነበር። ወንድሜ ቅስሙ መሰበሩ እስከ ዛሬም ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ያን ቀን ግን ባሌ ዞር ብሎ እንዲያየኝ እስኪመሽ ጠበቅሁ፤ ሳይዞር ቀረ።